ሦስተኛ ቤዝ ላይ የቆመችው

ሜይ 7፣ ማክሰኞ

አምበል ሆኛለሁ። የተመረጥኩት በሙሉ ድምፅ ነው፦ ሌሎቹ ሁሉ አቀርቅረው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ እኔ ብቻ ቀና ብዬ ተገኘሁ። እስካለፈው ዓመት አምበሏ ሊኔት ነበረች። የእኔ ድርሻ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጥብ መያዝና ማንም ያልጠየቀኝን የቤዝቦል ታሪክ መተረክ ነበር፤ ባል ለሚስቱ ቡድን የሚያበረክተው ይህንኑ ያህል ነው። አሁን በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ቁምጣ ለብሼ ሜዳ ገብቻለሁ። ሊያጽናኑኝ የመጡ ሰዎች ጉልበቴን ሲያዩ ሐዘኑን ረስተው ለጉልበቴ አዘኑልኝ።

ሰባት ነን፤ ደንቡ ስምንት ይላል። ሊኔት በፌብሩዋሪ የደጃችንን በረዶ ስትዝቅ ልቧ ቆመ። ከቀብሩ የተረፉት የጎረቤት መጋገሪያ ሳህኖች እስካሁን ማድ ቤቴ ውስጥ ተደርድረዋል። ኑድል በአይብ ያመጣልኝ ሰው ብዙ ነው፤ ስምንተኛ ተጫዋች ያመጣልኝ የለም።

ሳምንት ለሌሎቹ ማስረዳት ስላለብኝ ደንቡን ለራሴ ልጻፈው። ኪክቦል ማለት ዱላው ቀርቶ በእግር የሚመታ ቤዝቦል ነው። አንከባላዩ ትልቋን ቀይ ኳስ ያንከባልላል፤ መቺው ይመታል፤ በየማዕዘኑ የተነጠፉትን ሦስት መርገጫዎች፣ ቤዞች የሚባሉትን፣ ዞሮ ወደ መነሻው መርገጫ፣ «ሳህን» ወደሚባለው፣ የተመለሰ ነጥብ ያስቆጥራል። ሦስት ሰው «ውጪ!» የተባለበት ቡድን ተራውን ይለቃል። እንግዲህ የሊኔት ተራ ሲደርስ የሚመታ ሰው ስለሌለን፣ ሊጉ አዝኖልን አንደኛ ቤዝ ላይ «ጥላ ሯጭ» እንድናቆም ፈቀደ። ጥላዋ አትታይም። ከኋላዋ ያሉት ሲመቱ ወደፊት ትሄዳለች። ትሂድ ወይም ትቁም የሚለውን አምበሉ ጮክ ብሎ ያዛል፤ ደረሰች አልደረሰችም የሚለውን ዳኛው ይፈርዳል። ተጫዋች የጎደላቸው ልጆች በየጓሮው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ትልልቅ ሰዎች ወረቀት ላይ አሰፈሩትና ሕግ ሆነ።

ሜይ 14፣ ማክሰኞ

ልምምድ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሐይቁ ገና በረዶውን የተፋ አይመስልም።

አርሎ የወተት መኪና ይነዳል። ኳሷን ሲመታት ወደብ ድረስ ትሄዳለች፤ ችግሩ እሱም ተከትሏት ሊሄድ ይፈልጋል። ስለ ግዴታ ሩጫ አስረዳሁት።

«ስማኝ። አንደኛ ላይ ቆመሃል እንበል። ሮዳ መታች፣ እየሮጠች ወደ አንተ ትመጣለች። አንድ ቤዝ ላይ ሁለት ሰው አይቆምም። መልቀቅ ግዴታህ ነው። ያኔ ተከላካዩ ኳሷን ይዞ ሁለተኛን ከረገጠ አለቀልህ፤ አንተን መንካት አያስፈልገውም።»

«ከኋላዬ የሚመጣ ከሌለስ?»

«ከሌለማ ማን ያስገድድሃል? ትቆማለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከፈለግህ ድረስ» አልኩት።

ሮዳ የሊኔት ታናሽ እህት ናት፤ አንደኛ ቤዝ ትጠብቃለች። ከወዲያ ሆና «ይሄ ሰውዬ ኳስ ነው የሚያስተምረው ፍልስፍና?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

ሜይ 21፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ጨዋታ። ተሸነፍን። የሚገርም አይደለም።

የሚገርመው ሌላ ነው። በሁለተኛው ዙር የሊኔት ተራ ደረሰና «ጥላ ሯጭ አንደኛ ላይ» ብዬ ተናገርኩ። የእነሱ የአንደኛ ቤዝ ጠባቂ፣ ጢማም ወጣት፣ ቤዙ ላይ ተዘናግቶ ቆሞ ነበር። ወዲያው ፈንጠር ብሎ ቦታ ለቀቀና «ይቅርታ» አለ። ወደ እኔ አልዞረም። ያለው ወደ ጎኑ ነው። አንከባላያቸውም ኳሷን ከመልቀቁ በፊት በየጊዜው ገልመጥ እያለ አንደኛን ያይ ነበር፤ ሰው እዚያ ሲኖር እንደሚደረገው።

ጨዋነት ነው ብዬ አሰብኩ። የዚህ አገር ሰው ለባዶ ወንበርም ይቅርታ ይጠይቃል።

ሲያልቅ አምበላቸው መጥቶ «ደግ አደረጋችሁ፣ ስምንተኛ ሰው አግኝታችኋል» አለኝ። ሰባት ነን አልኩት። ወደ ልጆቻችን ዞሮ በአገጩ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «እንግዲህ ሜዳው ላይ ስምንት መስላችሁኝ» አለና ቢራውን ይዞ ሄደ።

ቢራ የያዘ ሰው ምስክር አይሆንም።

ሜይ 28፣ ማክሰኞ

ጭጋጉ ከሐይቁ ተነስቶ በሦስተኛው ዙር ገባብን። የኋላ ሜዳ ተጫዋቾች እግር ብቻ ሆኑ። ሱንድቫል ግን ጨዋታውን አላቆመም። ዘንድሮ ከሌላ ከተማ የመጣ ዳኛ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው። ጭጋግን እንደ ግል ስድብ ነው የሚቆጥረው።

ጥላዋ አንደኛ ላይ ነበረች። ሮዳ ወደ ግራ መታች። «ሂጂ!» አልኩ፣ ለጥላዋ። ተከላካያቸው ኳሷን አንስቶ ወደ ሁለተኛ ቤዝ አጥብቆ ወረወራት። ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ኳሷ መንገድ ላይ፣ በሰው ወገብ ከፍታ፣ ቆመች። አልነጠረችም። ትራስ ላይ እንደወደቀች ድፍን ያለ ድምፅ አሰማችና ቀጥ ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

በኪክቦል ሯጭን በኳስ ወርውሮ መምታት ይፈቀዳል፤ ከአንገት በታች የተመታ ሯጭ ውጪ ነው። ሱንድቫል የወደቀችውን ኳስ አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ። የኔ ፊት ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። «ነፋስ ነው» አለና ጨዋታው ቀጠለ።

ጭጋግ ባለበት ነፋስ የለም። ይህንን ሐይቅ ዳር ያደገ ሕፃንም ያውቀዋል።

መጨረሻ ላይ ጥላዋ ሦስተኛ ቤዝ ደርሳ ነበር። አርሎ ረጅም መታ። በአንድ ነጥብ ተበልጠናል፤ እሷ ከተመለሰች እኩል እንሆናለን። እኔ ግን «ቁሚ» አልኩ። የኋላ ሜዳቸው ጎበዝ ወርዋሪ አለው፤ መላክ ቁማር ነበር። ጥሩ አምበል የያዘውን አይበትንም። በዚያው አለቀ፤ ተሸነፍን።

«አሥር ጊዜ ትደርስ ነበር እኮ!» አለ አርሎ።

ጁን 4፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ፤ አጭር። ተሸነፍን። ጥላዋ ሦስተኛ ላይ ቀረች። ስልቱ ትክክል ነበር።

ሮዳ አንዲት ልጅ ይዛ መጣች፣ ብሪታ ትባላለች፣ አብራት ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ። ፈጣን ናት፤ በሁለቱም እግር ትመታለች። ስምንተኛ መሆን ትፈልጋለች። ማመልከቻውን ማተም አለብኝ፣ ማተሚያዬ ቀለም ጨርሷል አልኳት።

ቀለም እንዳለው ቤት ስገባ አስታወስኩ።

ጁን 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ነገ ራሴን እንዳላስተባብል።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ በኪክቦል ሯጭ ቤዙን የሚለቀው ኳሷ ከተመታች በኋላ ነው። ቀድሞ ከለቀቀ ውጪ ነው። በቤዝቦል ቀድሞ መስረቅ ብልጠት ነው፤ በእኛ ዘንድ ወንጀል። ጥላዋ አንደኛ ላይ፣ አርሎ ለመምታት እየተንደረደረ። ኳሷ እግሩ ሳትደርስ ሱንድቫል እጁን ወደ ላይ ወረወረ።

«ውጪ! የአንደኛዋ ሯጭ ቀድማ ለቃለች።»

አርሎ ዞረ። «የትኛዋ ሯጭ?»

«አንደኛ ላይ ያለችዋ።»

«ጋሼ፣ እዚያ'ኮ ማንም የለም።»

«ታዲያ ማንም ለሌለበት ምን ያንጨረጭርሃል?»

ከዚያኛው ቡድን አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ማንም አልሳቀም። ወደ ሱንድቫል ሄድኩ። አምበል ዳኛን በትሕትና መጠየቅ ይችላል፤ የደንቡ ሁለተኛ ገጽ። ምን እንዳየ ጠየቅሁት።

«ያየሁትን ነው የፈረድኩት» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትቸኩላለች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለ።

ሊኔት በሕይወቷ ቤዝ ላይ እንደ ሰው ቆማ አታውቅም። በየጨዋታው ቀድማ እየለቀቀች፣ በየጨዋታው «ውጪ» እየተባለች፣ በየጨዋታው ትስቅ ነበር። ሱንድቫል አያውቃትም። ማን ነገረው? ማንንም አልጠየቅሁም።

«አዎ» አልኩት። «ሁልጊዜ።»

ጁን 18፣ ማክሰኞ

አሸነፍን። ተጋጣሚው ሳይመጣ ቀርቶ ነው። ቢሆንም ድል ድል ነው።

የሜዳው ጠባቂ ጠርቶ ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ ያለውን መሬት አሳየኝ። ሣሩ አልቆ አፈሩ ተጠቅጥቋል፤ በሰው ጫማ ስፋት፣ ጎን ለጎን።

«ዘር ደጋግሜ ዘራሁበት» አለኝ። «አይበቅልም። የሚበቅል ነገር ላይ ሰው ሲቆምበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ከጨዋታ ውጪ እዚህ የሚመጣ ሰው አለ?»

አላውቅም አልኩት። ግማሹ እውነት ነው። እኔ የምቆመው ከመስመሩ ውጪ፣ የአምበል ቦታ ላይ ነው፤ ያም አልፎ አልፎ፣ ከሥራ ስመለስ፣ መንገዴ ስለሆነ።

መንገዴ አይደለም።

ብሪታ ዳር ቆማ ኳስ ስታነጥር ዋለች። ስለ ማመልከቻው ጠየቀችኝ። ቡድን ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ አይበጠበጥም፤ የመቺዎች ቅደም ተከተል ስስ ነገር ነው አልኳት። ስለ ጠንካራ መቺ አራተኛ መሆን፣ ስለ ፈጣን ሯጭ አንደኛ መሆን፣ ኳሷን ለምን ወደ ሦስተኛ ቤዝ መስመር መምታት እንደሚሻል ረዘም አድርጌ ገለጽኩላት፦ ከዚያ ወደ አንደኛ የሚወረወረው ርቀት ረጅም ነውና ሯጩ ጊዜ ያገኛል። በትዕግሥት ሰማችኝ። ሲያልቅ «ማተሚያ ሥራ ቦታ አለኝ» አለች።

ጁን 25፣ ማክሰኞ

ተሸነፍን፤ በአንድ ነጥብ። ሦስተኛ ላይ ቀረች።

በሦስተኛው ዙር አርሎ ራሱ ሦስተኛ ቤዝ ደርሶ ነበር፤ ቤዙን በእግር ጣቱ ጫፍ ብቻ ነክቶ ቆመ። ድመት የተኛበት ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንደሚሞክር ሰው። ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ ላብ አጥምቆታል፤ ክንዱ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

«ከእንግዲህ እዚያ አታስቁመኝ» አለኝ።

«ምነው?»

«ጀርባዬ ላይ ሰው ይተነፍሳል፣ ኦሪን። በናትህ አትሳቅብኝ።»

«አልሳቅሁም። ምን ዓይነት ትንፋሽ?»

አሰበ። «የደከመው ሰው ትንፋሽ። አውቶቡስ ሲጠብቅ ውሎ የመጣለት የሌለው ሰው።»

ሮዳ ሰምታለች። ሌሎቹ ወደ ቢራ ቤት ሲሄዱ እሷ ከእኔ ጋር ኳሶቹን ለቀመች። ሁለታችንም እንደዚያ ቀን ኳስ በጥንቃቄ ለቅመን አናውቅም።

«አስቀረሃት» አለች።

«ወርዋሪያቸው ጎበዝ ነበረች።»

«ወርዋሪዋ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፣ ኦሪን! ትከሻዋ ተጠግኗል! ማንን ነው የምታሞኘው?»

ኳሷን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። አልገባም ብላ ታገለችኝ።

«እኔም አያታለሁ ብዬ አልልህም» አለች። «አንደኛ ስጠብቅ ግን ቅባቷ ይሸተኛል፤ ያ ለጉልበቷ የምትቀባው፣ አፍንጫ የሚያቃጥለው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አሁን አልወደድኩትም። እህቴ መቆም አትችልበትም። ታውቃታለህ። ሦስተኛ ላይ አቁመሃት ታሰቃያታለህ። ደግሞ ከኋላ ሰው ሲመጣ መልቀቅ ግዴታ ነው ያልከው አንተ አይደለህ? ይኸው ብሪታ መጣች።»

«ስለ ጨዋታ ነው የተናገርኩት።»

«እኔስ ስለ ምን የማወራ መሰለህ?» አለች። «ብሪታን መዝግባት። ካልመዘገብካት እኔም አልመጣም። ያኔ ስድስት ትሆናላችሁ፤ ለስድስት ጥላ አይፈቀድም። ሁላችንም እናርፋለን።»

የሊኔት እህት መሆኗ ያስታውቃል። ሊኔትም ሰው ስታስፈራራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ጁን 27፣ ሐሙስ

በቤዝቦል ሒሳብ «ቤዝ ላይ የቀሩ» የሚባል ዓምድ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ ሳነበው ነው የኖርኩት። ሦስት ሰው ውጪ ሲባል ቤዝ ላይ የነበሩት ሯጮች በቁጥር ይያዙና ይረሳሉ። ሰውየው ግን ጓንቱን ያነሳና ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ ሥጋና ደም ነዋ። መመለሻ እግር ያለው ነው።

የሌለውስ? መጻሕፍቱ ስለዚህ ምንም አይሉም። መጻሕፍቴን ሁሉ አየሁ።

ጁላይ 2፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ጨዋታ የለም። ቢሆንም ሄድኩ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ አየሁ። ሜዳው ሁሉ ውሃ አቁሯል። ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ ያቺ የተጠቀጠቀች ቦታ ደረቅ ናት።

አንድ ነገር ዝናቡን የከለለላት ይመስላል።

ይህን ለሮዳ አልነግራትም።

ጁላይ 5፣ ዓርብ

የብሪታን ማመልከቻ ፈርሜ ላክሁ። ከጁላይ 16 ጀምሮ በስምንተኛው ተራ ትመታለች። ሮዳ «ተመስገን» አለች። ብሪታ የሎሚ ኬክ ጋግራ አመጣችልኝ፤ በሳህን። ሳህን ብቻ እንዳትጨምሪብኝ ልላት ፈልጌ ተውኩት።

እንግዲህ ማክሰኞ የመጨረሻዋ ነው። ስልቱን አስቤበታለሁ። ጥላዋ እንደ ወትሮው ሦስተኛ ትደርሳለች። ከዚያ በጥንቃቄ እናያለን። ጨዋታው ሲያልቅ ሦስተኛ ላይ ከቀረች፣ እዚያው ናት ማለት ነው፤ ከሥራ ስመለስ አያታለሁ። መንገዴ ነው።

ጁላይ 9፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ዙር ደረሰ፤ ነጥቡ እኩል፣ ተራው የእኛ። ጭጋጉ የኋላ ሜዳው ጫፍ ላይ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ መጠጋት ግን አልጠጋ አለ። ወደብ ላይ የመርከብ ጡሩንባ ይነፋል።

ዙሩ በእሷ ተራ ጀመረ። «ጥላ ሯጭ አንደኛ ላይ» አልኩ። አርሎ መትቶ ሁለተኛ ደረሰ፤ ጥላዋ ሦስተኛ። ሮዳ አጭር መታች፤ አየር ላይ ቀለቧት። አንድ ውጪ። ቀጥሎ እኔ።

የሚደረገው ግልጽ ነበር። ኳሷን አጠገቤ ብቻ ቀስ አድርጌ ብመታት እነሱ እኔን ያስወጣሉ፤ ጥላዋ ትቆማለች። የሚቀጥለው መቺያችን በዓመት አንዴ ነው ኳስ የሚያገኘው። ሦስት ውጪ፣ እኩል ለእኩል፣ ደኅና እደሩ። ማንም አይጠረጥረኝም። ጉልበቴን አይተውታል።

ሌላም መንገድ አለ። መቺው ኳሷን ወደ ሰማይ፣ ሩቅ ይልካታል። ተከላካይ ይቀልባታል፤ መቺው ውጪ ይሆናል። ሦስተኛ ላይ ያለው ሯጭ ግን ኳሷ እስክትቀለብ ቤዙን ረግጦ ከቆየ፣ ከዚያ በኋላ መሮጥ ይፈቀድለታል። ሮጦም ሊመለስ ይችላል። መቺው ራሱን ሰጥቶ ሌላውን ወደ መነሻው የሚልክበት ምት ነው። ለልጆቹ ሁሉንም ሳስተምር ይህንን ብቻ ዘልዬዋለሁ። ጊዜ አልነበረኝም።

ወደ ሦስተኛ ቤዝ አየሁ። የእነሱ ጠባቂ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በጁላይ። አጠገቡ የመስመሩ ነጭ ኖራ በትንሹ ይበን ነበር። የሚቁነጠነጥ እግር ሥር እንደሚበነው።

ሮዳ ወንበሩ አጠገብ ቆማለች። አርሎ ሁለተኛ ላይ ሆኖ ኮፍያውን አውልቋል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ስጠይቀው አላስታውስም አለኝ።

ኳሷ ተንከባለለች። እንዴት እንደመታኋት አላውቅም። የማውቀው ከጭጋጉ በላይ እንደወጣች፣ ቀይ ሆና እዚያ እንደዘገየች ነው። የኋላ ሜዳቸው ልጅ ወደ ኋላ ሮጠ። እኔ ወደ አንደኛ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ወደ ሦስተኛ ዞሬ ቆምኩ።

«ቆዪ!» አልኩ። «ቆዪ፣ ሊኔት። ቆዪ።»

በስሟ መጥራቴን አሁን ስጽፈው ነው የማውቀው። ልጁ ቀለባት።

አምበሉ ማዘዝ አለበት። ጮክ ብሎ፤ ካላዘዘ ጥላ አትንቀሳቀስም። ልጁ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ነበር።

«ሂጂ!» አልኩ። «ሂጂ! ሂጂ፣ አትዙሪ፣ ሂጂ!»

ኖራው በመስመሩ ላይ ብን ብን እያለ ወደ እኛ መጣ። ከፊቴ አለፈ። ቅባቱ ሸተተኝ። ከሳህኑ ጀርባ ያለችው የእነሱ ተከላካይ የተወረወረላትን ኳስ ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር፤ ድንገት ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሸሸች፤ በፍጥነት ለሚመጣ ሰው መንገድ እንደሚለቀቅ። ኳሷ ከዚያ በኋላ ደረሰች።

ሱንድቫል ሳህኑን ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘረጋ።

«ደርሳለች» አለ። አልጮኸም።

አሸነፍን። ሮዳ ፊቷን በማሊያዋ ጠረገች። ከዚያ እንደ ልማዱ ሁለቱ ቡድኖች በሰልፍ ተላልፈን መዳፍ ለመዳፍ ተመታታን፤ «ጥሩ ጨዋታ፣ ጥሩ ጨዋታ» እየተባባልን። የእኛ ሰልፍ መጨረሻ እኔ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ ማንም የለም። የእነሱ ሰዎች ግን የእኔን መዳፍ ከመቱ በኋላ እያወሩ፣ ሳያስቡት፣ እጃቸውን አንድ ጊዜ ደግመው ያነሱ ነበር፤ ከኋላዬ። እያንዳንዳቸው። ድምፁንም እሰማ ነበር፤ ጥርት ያለ የመዳፍ ድምፅ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ። ከዚያ ቆመ።

ዞር አላልኩም። አትዙሪ ያልኩት እኔ ነኝ።

ወደ መኪናዬ ሄጄ የእኔን በር ብቻ ከፈትኩ፤ በእሷ በኩል ያለውን ተውኩት።